አልጋ ሥር የተገኘ እንዝርት

ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመርሳን ማንጎ በዘንቢል ይዤ ልጄን ልጠይቅ ሄድኩ። የተከራየቻት ክፍል በአልጋና በምድጃ ሞልታለች። ዘንቢሌን አልጋ ሥር ልከት ስል ሰፌድ አገኘሁ፤ ባዘቶ፣ እንዝርትና ሁለት ልቃቂት አለበት።

«ለማን ነው?»

አቀረቀረች። «ለጓደኛዬ… ጋቢ ላሠራለት ነው።»

ልቆጣ ቃጣኝ። ግን ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ፈትሉ ስንት ማታ ይፈጃል! ሸማኔ ለእቃው ሰፊ ቦታ ይሻል፤ ለእንዝርት ግን የአልጋ ጫፍ ይበቃል። እኔም ለአባቷ ሳንጋባ ፈትዬለት ነበር፤ እናቴ አይታ እንዳላየች አለፈችኝ።

እንዝርቱን ተቀበልኳት። «ለጋቢ ቀጥኗል፤ ማጉን ወፈር አድርጊው።» እስኪመሽ አብረን ፈተልን።

ስሰናበታት፣ «ለፋሲካ ይዘሽው ነይ» አልኳት።

«ጋቢውን?»

«ልጁን።»