የአባቴ 212 ካሴቶችና "ናስ"

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ የቸኮላችሁ እለፉት። ቤታችሁ ሙዚቃ የምታከማቹበት ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ ግን ከእኔ ስህተት ትንሽ ገንዘብ ትቆጥቡ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ትንሹ ልጄ ኳስ ሲያሳድድ የኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ገመድ እግሩ ላይ ተጠመጠመ። ከጠረጴዛው እስከ ሴራሚኩ አንድ ሜትር አይሞላም። ዲስኩ ግን እየሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ሲሰካ "ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ" ከማለት ሌላ ምንም የለም። መገናኛ አካባቢ ሁለት ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሁለተኛው ልጅ ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠውና "ወንድሜ፣ ይሄስ አልቋል" አለኝ።

ውስጡ የነበረው የአባቴ ካሴት ነው። አባቴ 212 ካሴት አለው። እያንዳንዱ ላይ በብዕር ቁጥር ጽፎበታል፤ ቁጥሩ ደግሞ ጥቁር ሽፋን ባለው ደብተር ተመዝግቧል። የዘፋኙ ስም፣ የተገዛበት ቀን፣ አንዳንዴ ዋጋው፣ አንዳንዴም ማን ተውሶት ስንት ዓመት እንዳቆየው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተቀመጥኩ 118ቱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ነበር። ካሴት እኮ እንደ ፍላሽ አይደለም፤ የ60 ደቂቃውን ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል። የ55ቱ ቅጂ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ተገኘ። 63ቱ ሄዱ።

ዘፈኑስ እሺ፣ ካሴቶቹ አሉ፣ እንደገና ይገለበጣሉ። ቁጥር 86 ግን ዘፈን አይደለም። አክስቴ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጂዳ ሰው ቤት ስትሠራ የላከችው የድምፅ ደብዳቤ ነው። ያኔ ስልክ መደወል የሚቀመስ አልነበረምና ሰው ካሴት ላይ ተናግሮ በመንገደኛ ይልክ ነበር። 40 ደቂቃ ታወራለች። ሰላምታው ብቻ ሰባት ደቂቃ ነው፤ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ እየጠራች። አክስቴ ዛሬ የለችም። ካሴቱንም ከገለበጥኩ በኋላ አንድ ጊዜ ልስማው ብዬ መልሼ ሳስገባው ቴፑ በላው። እና የቀረው ያ ፋይል ብቻ ነበር።

ለአባዬ ስነግረው "እሺ" ብሎ ዜናውን ማየት ቀጠለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትዝ አለኝ፤ ሪያድ ላለችው ለአክስቴ ልጅ ቁጥር 86ን በቴሌግራም ልኬላት ነበር። እንዲቀልላት ብዬ በኤምፒ3፣ ጥራቱን ቀነስ አድርጌ። ስጠይቃት በደቂቃ ውስጥ መለሰችልኝ። "ማታ ማታ እሰማዋለሁ፣ እንዴት ይጠፋል?" አለች። ዋናው ቅጂ ጠፍቶ ያዳነን እንደ ነገሩ የተላከው ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ኔትወርክ ማከማቻ ማንበብ የጀመርኩት። በእንግሊዝኛው ምህጻር "ናስ" ይሉታል። ዲስክ የሚገባበት ትንሽ ሳጥን ነው፤ ከራውተሩ ጋር ይያያዝና ቤት ውስጥ ያለው ስልክም ቲቪም ኮምፒውተርም ከእሱ ላይ ያጫውታል። ለአባዬ "ናስ ልገዛ ነው" ስለው ቀና ብሎ አየኝና "ጥሩ ነው፣ ናስ አይዝግም" አለ። እስካሁንም "ያ ናስህ" ነው የሚለው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ያለው ልጅ አራት ዲስክ የሚይዝ ሳጥን ሊሸጥልኝ ነበር፤ በድምሩ 16 ቴራባይት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከጅሎ ነበር። ማታ ግን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ ሳይታመቅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት 600 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። አንዳንዶቹ የ90 ደቂቃ ናቸው ብዬ ከፍ አድርጌ ብይዘው 212ቱም ተደምረው 150 ጊጋባይት አይሞሉም። ፍላክ በሚባለው፣ ጥራት ሳይቀንስ በሚያምቀው ፎርማት ሲቀመጡ ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳሉ። 16 ቴራባይት ምን ልሞላበት ነው? አንዳንድ ወዳጆች "በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ ቅዳው" ብለውኛል። አልተቀበልኳቸውም። ካሴት ራሱ ያን ያህል ዝርዝር ድምፅ አይዝም፤ በትልቅ ጥራት የሚቀዳው ሹሹታው ነው።

ፍጥነትም ሌላው ያታለለኝ ነገር ነው። ሳምንት ሙሉ የፕሮሰሰርና የራም ቁጥር ሳወዳድር ከረምኩ። ሳይታመቅ የሲዲ ጥራት ሙዚቃ በሰከንድ 1.4 ሜጋቢት ነው የሚፈልገው። የኔ አሮጌ ራውተር በገመድ 100 ሜጋቢት ያስተላልፋል። ለቪዲዮ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ለሙዚቃ ግን ርካሹ ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን ይተርፋል። ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። ኔት ሲጠፋ የአባዬ ሙዚቃ አይጠፋም።

ከሲኖሎጂና ከኪውናፕ (ሁለቱም የታይዋን ናቸው) አመዛዝኜ ትንሹን ባለ ሁለት ዲስክ መረጥኩ። ከዱባይ የምትመጣ የጓደኛዬ እህት በሻንጣዋ አመጣችልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የትኛው እንደሆነ የሚፈልግ ኢንቦክስ ይጠይቀኝ፣ እዚህ ላይ ክርክር አልፈልግም።

ዲስኩ ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። አንዳንድ ዲስኮች ላይ መረጃው የሚጻፍባቸው መስመሮች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው ነው የሚቀመጡት፤ በእንግሊዝኛ ፊደሉ "ኤስኤምአር" ይባላል። ቦታ ይቆጥባል፤ አንዱ ዲስክ ተበላሽቶ በአዲስ ሲተካና ሁሉም ነገር እንደገና ሲገለበጥ ግን በጣም ይጎተታል። "ሲኤምአር" የሆነውን ጠይቁ። ሽክርክሪቱም በደቂቃ 7,200 ከሚሆን 5,400 ገደማ ቢሆን ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ሳሎን ለሚቀመጥ ዕቃ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያገኘሁት ትንሹ 2 ቴራባይት ስለነበር ሁለት ገዛሁ። ኤስኤስዲ ለምን አልገዛህም ለምትሉኝ፦ ልክ ናችሁ። ለዚህች መጠን ድምፅ የሌለው፣ ቢወድቅም የማይደነግጥ ኤስኤስዲ ይሻል ነበር። ዋጋውን አይቼ ፈራሁ።

ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር ይይዛሉ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። እዚህ ላይ "በቃ ተረጋጋሁ" ብዬ ነበር። አንድ ቀን ፎልደር ሳስተካክል በስህተት አምስት ካሴት አጠፋሁ። ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ቅጽበት ጠፋ! መስታወት ነው እኮ፤ አንተ ስትላጭ እሱም ይላጫል። ሌባ ሳጥኑን ቢወስደው ወይም መብራት ሲመጣ ቢያቃጥለው ሁለቱም አብረው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ሦስተኛ ቅጂ በተራ ኤክስተርናል ዲስክ አድርጌ ሐዋሳ ወንድሜ ቤት አስቀመጥኩ።  በየሦስት ወሩ ስመላለስ አዲሱን እጨምርበታለሁ።

መብራት። እኛ አገር ሆኖ ይህን ሳያስብ ናስ የሚገዛ ሰው ብሩን ይቁጠር። ዲስኩ እየጻፈ ድንገት መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ትንሽ ዩፒኤስ ገዝቼ ሳጥኑንም ራውተሩንም እሱ ላይ ሰካሁ። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከሳጥኑ ጋር ሲያያዝ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሳጥኑ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። ሴቲንጉ ውስጥ ደግሞ "መብራት ሲመለስ ራስህ ተነሳ" የሚል ምርጫ አለ፤ አብሩት። እኔ ሳላበራው ቀርቼ አባዬ ሁለት ቀን ሙሉ "ናስህ ሞቷል" እያለ ጠበቀኝ።

አሁን ዋናው ፈተና። አባዬ 78 ዓመቱ ነው፤ የስልክ አፕ አይነካም፣ የሚያውቀው የቲቪ ሪሞት ነው። ሳጥኑ ዲኤልኤንኤ በሚባለው መንገድ ለቲቪው ሙዚቃ ይሰጣል። (የኛ ቲቪ ፍላክ ያጫውታል፤ ሁሉም አያጫውትም፣ ሳትገዙ በፍላሽ ሞክሩት።) በደስታ ከፍቼ ሳሳየው ስክሪኑ ላይ የመጣው ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን ነው። ቲቪው የግዕዝ ፊደል የለውም! አባዬ አየና "ይሄ ሁሉ መስኮት ምንድን ነው?" አለ።

አንድ ሳምንት አሰብኩበት። በላቲን ልጽፈው ነበር፤ አስጠላኝ፣ እሱም ያለመነጽር አያነበውም። ከዚያ ደብተሩ ትዝ አለኝ። ሰውየው እኮ ካሴቶቹን በቁጥር ነው የሚያውቃቸው። "47 አምጣልኝ" ነበር የሚለን ልጆች ሳለን። ፎልደሮቹን በሙሉ በእሱ ቁጥር ሰየምኳቸው፣ ከ001 እስከ 212። የእያንዳንዱን ካሴት ሽፋን በስልክ ፎቶ አንስቼ ፋይሉ ውስጥ ከተትኩ። አሁን ሪሞቱን ይዞ ይወርዳል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ይጫናል። ማንንም አይጠራም።

በስልክ ለምንሰማው ለእኛ ናቪድሮም የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ጫንኩ። ፊደል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የኛ አጻጻፍ ነው። ጥላሁን ገሠሠ እና ጥላሁን ገሰሰ ለኮምፒውተር ሁለት ሰዎች ናቸው። ሂሩት በቀለም ሁለት ሆና ነበር፣ አንዷ በሐመሩ ሐ። ማሕሙድ አህመድን አራት ቦታ አገኘሁት። አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ ከመጀመሪያው ጽኑ፤ እኔ ሁለት ሌሊት ከፍዬበታለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከበር ላይ የአክስቴ ድምፅ ተሰማኝ። 86ን ከፍቶታል። የሰፈሩን ሰው እየጠራች ነበር፤ አባዬም በየስሙ መሐል "ሞተ"፣ "አለች"፣ "አሜሪካ ሄደ" እያለ ይመልስላታል። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ጋ ቆምኩ።

ከጠፉት 63 ካሴቶች አሁን 31ኛው ላይ ደርሻለሁ። ትናንት ደግሞ የቴፑ ላስቲክ ተበጠሰ። መርካቶ ውስጥ የካሴት ቴፕ ላስቲክ የሚሸጥበት ቦታ የምታውቁ ኮመንት ላይ ጠቁሙኝ።