ከመርካቶ ጣሪያ ላይ፦ የሙሽተሪ ቀለም

ሸማ ተራ ነጠላ የሚመርጡ አንድ እናት አየሁ። ነጋዴዋ ጥበቡን አምፖል ሥር ዘርግታ «አረንጓዴ ነው እማማ» ትላቸዋለች። እሳቸው ነጠላውን ብድግ አድርገው ደጅ ወጡ፣ ለፀሐይ ገልጠው አዩት፣ ጫፉን በጣታቸው አሸት አደረጉና «ይሄማ ሰማያዊ ነው» ብለው መለሱላት። ነጋዴዋም አልተከራከረችም። የመብራት ቀለም እንደማይታመን ሁለቱም ያውቃሉ።

*

ማታ ፎቁ ጣሪያ ላይ ሆኜ ትንሿን ቴሌስኮፕ ወደ ጁፒተር ሳዞር እኚያ እናት ትዝ ይሉኛል። ፕላኔቱ ከምሥራቅ ብቅ ሲል መላ አካሉ ቡናማ ነው፤ በጭስና በአቧራ ውስጥ አልፎ ነው የሚደርሰኝ። እኩለ ሌሊት ላይ አናቴ ላይ ሲቆም ያው ቡናማ ክሬም ሆኖ አገኘዋለሁ። የተለወጠው በመካከላችን ያለው አየር ነው። ይህን ሳላውቅ በፊት ስለ ፕላኔቱ የደመና መቀነት «ቀላ» ብዬ የጻፍኩባቸው ምሽቶች አሉ፤ ዛሬ አንዳቸውንም አላምናቸውም። አሁን ሰዓቱን፣ ፕላኔቱ የነበረበትን ከፍታና የአየሩን ሁኔታ አብሬ እጽፋለሁ። አንዱን መቀነት የምመዝነውም ከጎኑ ካለው ጋር አስተያይቼ ነው።

*

በትንሽ ቴሌስኮፕ ጎልተው የሚታዩት ሁለት ቡናማ መቀነቶች ናቸው፤ አንዱ ከወገቡ በላይ፣ አንዱ በታች። በግንቦት 2002 ዓ.ም. አውስትራሊያዊው አንቶኒ ዌስሊ ፎቶ ሲያነሳ የደቡቡ መቀነት የለም! ጨርቅ የሚወይበው ፀሐይ ቀለሙን ስትበላው ነው። እዚያ ግን የተበላ ቀለም አልነበረም። ነጭ የአሞኒያ በረዶ ደመና ከላይ ተነጥፎ ቡናማውን ሸፈነው፣ በቡናማ ቀሚስ ላይ ነጠላ እንደመደረብ። ጥቅምት 30 ቀን 2003 ዓ.ም. በመቀነቱ ቦታ ላይ አንዲት ብሩህ ነጥብ ታየች፤ ከታች የፈነዳ ማዕበል ነበር። ሁከቱ በሳምንታት ውስጥ እየተዛመተ ሄደ፤ መቀነቱም በወራት ውስጥ ተመለሰ።

*

ያቺን ነጥብ ያየው ክሪስቶፈር ጎ ነው፤ ፊሊፒንስ ውስጥ ሴቡ ከተማ የሚኖር የቤት ዕቃ ነጋዴ። ከዚያ በፊት በየካቲት 1998 ዓ.ም. ከሦስት ነጭ ማዕበሎች መዋሃድ የተወለደው ትልቅ ሞላላ ማዕበል ከነጭነት ወደ ቀይነት መለወጡን ያስተዋለውም እሱ ነው። ሐብል ቴሌስኮፕ የዞረበት ከዚያ በኋላ ነው። ታላላቆቹ ቴሌስኮፖች ጊዜያቸው የተሸነሸነ ነውና ጁፒተርን በየማታው አያዩም። በየማታው የሚያየው ቀን ሱቅ ውሎ ማታ ጣሪያ የሚወጣ ሰው ነው።

ሴቡ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ያህል በስተሰሜን ናት። መርካቶ 9።

*

ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። ሰኔ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ጁፒተር ከፀሐይ ትይዩ ሲቆም ለንደን ላይ ያለ ሰው ከአድማስ በላይ 16 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነበር የሚያየው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 59 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ያኔ ደግሞ ነጭ የነበረው የፕላኔቱ ወገብ ወደ ብርቱካናማ ቢጫ የዞረበት ሰሞን ነው። እኛ ጋ ግን ክረምት እየገባ ነበር፤ ይቆጨኛል። ደግነቱ ጁፒተር ከፀሐይ ትይዩ የሚቆምበት ቀን በየዓመቱ በአንድ ወር ገደማ ይገፋል፤ በ2018 ዓ.ም. ጥር 2 ላይ ዋለ፣ በበጋው እምብርት። ጁፒተር በራሱ ዛቢያ አንዴ የሚዞረው በ10 ሰዓት ገደማ ነው፤ የኛ የጥር ሌሊት ደግሞ 12 ሰዓት ግድም ይሆናል። ያልተኛ ሰው የፕላኔቱን ዙሪያ በሙሉ በአንድ ሌሊት ያያል።

*

ከጣሪያዬ በስተሰሜን እንጦጦ ይታያል። 3,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉበት። የከተማው መብራት ግን ሽቅብ እየተከተላቸው ነው። ጁፒተር ደማቅ ስለሆነ የመርካቶን መብራት ይችለዋል፤ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ትምህርት ቤቶች አንዳንድ ቴሌስኮፕና አንዳንድ ደብተር ቢኖር ብዬ ዘወትር የምመኘውም ለዚህ ነው።

*

በአሮጌ መጻሕፍታችን ጁፒተር ሙሽተሪ ይባላል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ከአንዋር መስጊድ አጠገብ ሽቶ የሚሸጡ አንድ አባት ጣሪያው ላይ ወጥተው ነበር፤ ስሙን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ሙሽተሪ ማለት እኮ ገዢ ማለት ነው ልጄ!» አሉኝ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አዩ።

«መቀነቱ ነገም እንዲሁ ነው?»

«አላውቅም ሐጂ።»

«እንግዲያው ነገም እመጣለሁ።»

በማግስቱ ከዒሻ ሶላት በኋላ መጡ። ሰማዩ ደፍኖ ነበር። ቀኑንና «ደመና» የሚለውን ቃል ደብተሩ ላይ ጽፈን ወረድን።