ከጣርማ በር ወደ መንዝ

ከአዲስ አበባ ተነስተው ደብረ ብርሃንን አልፈው ጣርማ በር ሲደርሱ ብርዱ አጥንት ይገባል። ዋናው መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሠሩት ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ያሽቆለቁላል። ወደ ግራ የታጠፈ መንዝ ይገባል፤ የገብስና የበግ አገር፣ ራቅ ሲሉም ጓሳና ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ።

እንዲህ ባለው ደጋ ክረምት ሲገባ ብዙ ቀበሌ ከወረዳው ከተማ ይቆረጥ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ታቀደ። ብዙው ኃላፊነትም በወረዳ ባለሙያዎች ትከሻ ላይ ወደቀ።

የጠጠር መንገድ ዋና ጠላቱ ውኃ ነው። ቦዩ በአፈር ከተደፈነ ጎርፉ መንገዱ ላይ ይወጣል፤ ጠጠሩንም ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ የወረዳው ኃላፊ ስለ ዶዘርና ግሬደር ከማወቁ በፊት ሌላ ትምህርት ያስፈልገዋል፦ ውኃው ከየት መጥቶ የት እንደሚወርድ መለየት፣ ቱቦ የሚቀበርበትን ቦታ መምረጥ፣ ሥራ ተቋራጩ ጠጠሩን በደንብ መጠቅጠቁን ማረጋገጥ፣ ለጥገና በጀት መያዝ። ሹም ሲቀየር እውቀቱ አብሮት እንዳይሄድም ሥልጠናው የቀበሌ ሰዎችን መጨመር አለበት።

ወላጆችና አያቶች፣ ነገሩ የቤታችን ነው። በሐምሌ ምጥ የያዛት ልጅ አምቡላንስ ይደርስላታል ወይስ በቃሬዛ ትወርዳለች? በግንቦት ቦዩ መጠረጉና አለመጠረጉ ይወስነዋል።