ለሳነቴ መንገድ ጥርስ ቆጥሮ መግዛት

ለብዙ ቀን የፒስታ ጉዞ ብስክሌት የሚመርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ክብደቱና ቴላዮው ከምን እንደተሠራ ነው። እኔ ግን ምርጫው ከሁለት ነገሮች ይጀምር እላለሁ፤ ከሁሉ ከሚቀለው ማርሽና ከጎማው ስፋት። ይህን ስል በሐሳቤ ያለው አንድ የታወቀ መንገድ ነው። ባሌ ውስጥ ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፣ ከዚያ በሪራና በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና ይወርዳል። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚገነጠለውን ጥርጊያ የተከተለ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ይቆማል። ከአምባው ወዲያ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት ይጠብቃል። የሌሊት ውርጭ፣ ስስ አየር፣ የሚንሸራተት ጠጠርና የደን ጭቃ በአንድ ጉዞ ውስጥ ስለሚገናኙ፣ ብስክሌትን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ መንገድ ለማግኘት ያስቸግራል።

ከዳገቱ ልጀምር። 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው 60 በመቶ ያህሉ ነው። የእግር ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለአዲስ አበባ ዳገት የበቃ ማርሽ ለሳነቴም ይበቃል ማለት አይቻልም። ነገሩን በስሌት እንየው። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ጭነቱ ተደምረው 100 ኪሎ ይሁኑ፤ መንገዱም በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚነሣ ጠጠር ይሁን። ፊት 40፣ ኋላ 42 ጥርስ ያለው ግራቭል የሚባለው ቀጠን ያለ ብስክሌት በአንድ የፔዳል ዙር 2.1 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በደቂቃ 60 ዙር ለመምታት 200 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ፊት 32፣ ኋላ 51 ጥርስ ያለው የተራራ ብስክሌት ግን በአንድ ዙር የሚሄደው 1.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚያው የዙር ፍጥነት 140 ዋት ይበቃዋል። ሁለተኛውን ተለማምዶ የመጣ ሰው ይችለዋል፤ የመጀመሪያው በዚያ ከፍታ የተወዳዳሪ ጉልበት ነው። ታዲያ በከባዱ ማርሽ ቀስ እያሉ ቢረግጡስ የሚል ይኖራል። ቀስ ማለት ትንፋሽን ያሳርፋል፤ ጉልበትን ግን አያሳርፍም። በእያንዳንዱ እርግጫ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና አንድ ተኩል እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ለአንድ ቀን ይቻል ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ጉልበቱ ያስታውሳል።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ከንፈሯን ገልጠው ጥርሷን ያዩ እንደነበረው፣ ብስክሌት ገዢም ጎንበስ ብሎ ጥርስ ይቁጠር። የፊቱ ትንሹ ማርሽ ስንት ጥርስ አለው? የኋላው ትልቁስ? የፊቱ ከኋላው በግልጽ ማነስ አለበት፤ ከሲሶ በላይ ቢያንስ ደግሞ ለሳነቴ ደረሰ ማለት ነው። ይህ ቆጠራ በገበያው ላይ ያለውን ደረጃ ይገለብጠዋል፤ እኔንም ደስ የሚለኝ ይኸው ነው። ፊት ሦስት ማርሽ ያላቸው፣ ባለ 26 ኢንች የቆዩ የተራራ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ትንሹ ማርሻቸው 22 ጥርስ ነው። ኋላ 34 ካላቸው በአንድ ዙር የሚሄዱት ከ1.4 ሜትር ያነሰ ስለሆነ፣ ከዛሬው ውድ ባለ 12 ማርሽ ይልቅ ዳገት ያቀላሉ። በመልክ ከእነሱ የማይለዩ ሌሎች ደግሞ አሉ። ፊትም ኋላም 28 ጥርስ ይዘው በወፍራም ሞላ ያጌጡ ናቸው። እነዚህ እንደ ግራቭሉ ይከብዳሉ። መለየት የሚቻለው በመቁጠር ብቻ ነው።

ወደ ጎማው ስንመጣ፣ ስፋቱ የሚጠቅመው በዝቅተኛ ንፋስ መሄድ ስለሚያስችል ነው። 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ጭነት ተጭኖ ድንጋይ ሲመታ፣ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ እንዳይበሳ ጠንከር ተደርጎ መነፋት አለበት። ጠንካራ ጎማ ደግሞ ጠጠሩን ባገኘው ቁጥር ሰውንና ጭነቱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ወደ ፊት መግፋት የነበረበት ጉልበት በመንጠር ያልቃል። 57 ሚሊ ሜትር የሆነው ጎማ በ25 ፒኤስአይ ገደማ መሄድ ስለሚችል ድንጋዩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል። ኮረኮንች መንገድ ላይ እጅ የሚደነዝዘውና ራጂ የሚላላው በዚህ ልዩነት ነው። የሐረና ጭቃም ሌላ ጥያቄ ያመጣል፤ ጎማው በቴላዮው ውስጥ ምን ያህል ክፍተት አለው? በጎማውና በብረቱ መካከል ጣት የማያስገባ ብስክሌት ዝናብ ባለበት ወር ጭቃው ጠቅጥቆት ይቆማል፤ ባሌ ደግሞ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚመላለስበት አገር ነው።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች ከባዱ የአስፋልቱ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፤ ሰፊ ጎማና ቀላል ማርሽ እዚያ ላይ ያዘገያሉ ይባላል። ያዘገያሉ፣ አልክድም። ነገር ግን አስፋልት ላይ የሚባክነው በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ዳገት ላይ ወርዶ ብስክሌት መግፋት ግን ሰዓቱን ራሱን ይበላል። አስፋልቱን ደግሞ በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ጭኖ ማለፍ ይቻላል፤ ሳነቴን በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው የሄደበት ጉዳይ ቀርቶበታል።

ፊትም ኋላም ሞላ ያለው ብስክሌት ይሻላል የሚሉም አሉ። ለቁልቁለቱ እውነት አላቸው። ሆኖም በዚህ ዓይነት ጉዞ ከባዱ ዕቃ የሚታሰረው በቴላዮው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ነው፤ የኋላው ሞላ ያንን ቦታ ይወስደዋል። ጎማ ሲበሳ የሚጠግን ጎሚስታ መንገድ ላይ ይገኛል፤ በአየር የሚሠራው ሞላ ጎሚኒው ሲያልቅ ግን የሚጠግነው የለም። ፊት ላይ ብቻ ጥሩ ሞላ ያለውን ብስክሌት አልቃወምም። ርካሹና ከባዱ ግን ከሚሰጠው የሚወስደው ይበዛል፤ በእሱ ፈንታ ድርቅ ያለ ፎርክና ሰፊ ጎማ ይሻላል።

ብረት ቴላዮን የምመርጠው ስለ ብየዳ የሚነገረውን ተስፋ ሁሉ አምኜ አይደለም። ስስ የሆነ ጥሩ ብረት በበር በያጅ እጅ በቀላሉ ይቃጠላል፤ ብየዳው ቢይዝም እስከ ቤት ለመድረስ ያህል ነው። አሉሚኒየም ግን ያንንም አያገኝም። የጎማ መጠንን በተመለከተ፣ ባለ 26 ከመነዳሪ ከሌላው በቀላሉ ስለሚገኝ ባለ 29 የያዘ ሰው መለዋወጫውን ከቤቱ ይዞ ይውጣ። የመኪና ዓይነት ቫልቭ ያለው ከመነዳሪ ቢመርጥ ደግሞ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋለታል። ለቁልቁለቱ የዲስክ ፍሬን፣ በሽቦ የሚሳበው ዓይነት፣ ከብረት ብናኝ የተሠራ ሸራ ተገጥሞለት ይበቃል፤ እርጥብ አሸዋ ለስላሳውን ሸራ በፍጥነት ይጨርሰዋል።

አንድ ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል። የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ከቴላዮው ጋር የሚያያይዘው ቁራጭ ብረት ብስክሌቱ በወደቀ ጊዜ ቀድሞ የሚጣመመው እሱ ነው። በአሉሚኒየም ቴላዮዎች ላይ ለየሞዴሉ ለብቻው ስለሚሠራ የሌላው አይገጥምም፤ በቆዩት የብረት ቴላዮዎች ብዙዎቹ ግን ከቴላዮው ጋር አንድ አካል ነው፣ ቢጣመምም በጥንቃቄ ይቃናል። ገዢው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ሻጩ የዚህ ቁራጭ ተጨማሪ እንዳለው መጠየቅ አለበት።