የሰውነት ድርሰት

ሥጋ የነፍስ አገልጋይ ነው ሲባል የሰማን ሁላችን፣ ያው ሥጋ ያለ ቃል የሚናገርበትን ጥበብ፣ ዘመናዊውን ውዝዋዜ፣ እንደ ከንቱ ጨዋታ ልናቃልለው አይገባንም። እኔም ተማሪ ሆኜ የመጀመሪያ ድርሰቴን በሰውነቴ ማሰናዳት ስጀምር የተረዳሁት፣ በእስክስታችን ትከሻና አንገት የሚሸከሙትን ስሜት በዚህኛው ጥበብ ወገብም፣ ጉልበትም፣ እስትንፋስም ጭምር እንደሚካፈሉት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1926 የራሷን የውዝዋዜ ጓድ ያቋቋመችው አሜሪካዊቷ ተወዛዋዥ ማርታ ግራሃምም ትምህርቷን የመሠረተችው ሰውነት ከትንፋሽ ጋር በሚኮማተርበትና በሚላላበት ሥርዓት ላይ ነበር።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ በእንግሊዛዊው የውዝዋዜ አዘጋጅ በሮይስተን ማልዱም የሠለጠኑ የጎዳና ልጆች፣ አዱኛ በተባለው ቡድን ተሰባስበው፣ የተናቀ ሰውነት ክቡር ነገር ሊናገር እንደሚችል በመድረክ አስመስክረዋል።

እንቅስቃሴን ከእንቅስቃሴ እየመረጡ፣ የማያስፈልገውን እየጣሉ ማዘጋጀት የብቸኝነት ተግባር ሲሆን፣ በሕዝብ ፊት ማቅረብ ግን የመስጠት ተግባር ነው፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ከራሱ ኀዘንና ደስታ ጨምሮ ትርጓሜውን ይፈጽመዋልና። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በሰውነቱ ድርሰት ሊደርስ ቢሻ፣ ፊደል እንዳስቈጠራችሁት ሁሉ ይህንንም ተማር በሉት።