«አፕሎድ አድርጌዋለሁ» ማለት ተማሪው ጋ ደረሰ ማለት አይደለም



ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ማስተማር ትተህ የኮምፒውተር አሰልጣኝ ሆንክ አሉ፣ እውነት ነው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ማስተማሩን አልተውኩም። ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ቦንጋ ላይ መምህራን የኮርስ ማቴሪያላቸውን ኦንላይን ማውጣት እንዲችሉ ስልጠና እየሰጠሁ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ፋይሉን መምረጥ፣ «ሴቭ» የሚለውን መጫን፣ በቃ። ውስጡ ሲገቡ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፈው ነው፤ ቡና አስቀርቡና አንብቡት። ከካፋ ሆኜ ቡና ብላዝ ማንም አይቆጣኝም።

የምንጠቀመው ሶፍትዌር ሙድል ይባላል። ለማታውቁት፦ አንድ መምህር ፕሮግራመር ሳያስፈልገው የራሱን የኮርስ ገጽ የሚሠራበት ነው። ማስታወሻ ያስቀምጥበታል፣ ፈተና ያወጣበታል፣ አሳይመንት ይቀበልበታል፣ ማን ከፍቶ እንዳየ ማን እንዳላየም ይከታተልበታል። ነፃ ነው፤ አንድ ተቋም አውርዶ የራሱ ሰርቨር ላይ ሊጭነው ይችላል። ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ግቢው ውስጥ ያለ ሰው በዋይፋይ ያገኘዋል። መብራት ካለ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ሶፍትዌር ሰልጣኞቼ ሁሌ የሚወዱት አንድ ታሪክ አለ። ሙድልን የጀመረው ማርቲን ዱጊያማስ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ የወጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውዬው ልጅ ሆኖ ያደገው በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ፣ ትምህርት ቤት በሌለበት ሩቅ ቦታ ነበር። ትምህርቱን የተከታተለው በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። እኛም አገር በትምህርት በሬዲዮ ያደግን ሰዎች አለን፤ ስሜቱ ይገባናል። ይህን ስነግራቸው አንዱ ሰልጣኝ ምን አለ መሰላችሁ፦ «እንዴ! ስለዚህ ይሄ ነገር ከመጀመሪያው የተሠራው እንደ ዴቻና እንደ ጌሻ ላለ ሰው ነዋ!» በስልጠናው ውስጥ ከተባሉት ሁሉ ጥሩው ንግግር ይሄ ነበር።

ለምን አሁን? ለሚለው መልሱን ሁላችንም ኖረነዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያኔ በየቴሌግራም ግሩፑ የተለቀቀውን የፋይል ብዛት ታስታውሳላችሁ። ሰኔ 23 ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ጠፋ፣ ለሳምንታት። ያኔ የወጣው ማቴሪያል ቁጥሩ ብዙ ነበር። ስንቱ ተማሪ እጅ ገባ የሚለውን ግን የጠየቀ ብዙ ሰው አላየሁም። የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ ይኸው ነው።

የስልጠናው የመጀመሪያ ቀን ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። መምህሩ ሃንድአውቱን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ገጽ በገጽ፣ አንድ ላይ አድርጎ ፒዲኤፍ ያደርገዋል፣ ይጭነዋል። አረንጓዴ ምልክት ይወጣል። «ጨረስኩ!» ይላል። ክፍሉ ያጨበጭባል።

ከዚያ ሂሳብ እንሠራለን። ነጭ ሰሌዳ ላይ፣ ሁላችንም አብረን።

በስልክ የተነሳ አንድ ገጽ 3 ሜጋ ባይት ቢሆን፣ 40 ገጽ ያለው ሃንድአውት 120 ሜጋ ይሆናል። ያንኑ ሃንድአውት በፊደል ብትጽፈውስ? አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሲቀመጥ 3 ባይት ይይዛል። አንድ ገጽ ላይ 2,000 ፊደል ቢኖር 6,000 ባይት ማለት ነው። 40 ገጽ ሲሆን 240,000 ባይት፤ ሩብ ሜጋ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ 500 እጥፍ ነው። ያው ትምህርት፣ ያው ቃል፣ ያው መምህር፤ ግን አንደኛው 100 ሜጋ ጥቅል የገዛን ተማሪ ጥቅሉን ጨርሶ ሳይከፈት ይቀራል፣ ሌላው የቴሌግራም መልእክት እንደሚመጣ ሽው ብሎ ይገባል።

ሂሳቡን ሰሌዳ ላይ ማየት አንድ ነገር ነው፤ በራስ ካርድ ማየት ሌላ። ስለዚህ ሁለተኛው ቀን ላይ ላፕቶፑን አዘጋቸዋለሁ። «ዋይፋያችሁን አጥፉ፣ ዳታ ክፈቱ፣ ወደ ውጭ ወጥታችሁ የራሳችሁን ኮርስ በራሳችሁ ስልክ ክፈቱ» እላቸዋለሁ። ቦንጋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከተማዋ ኮረብታ ላይ ናት፣ አንዱ ጥግ ኔትወርክ አለ፣ አሥር እርምጃ ወረድ ስትል የለም፣ ዝናቡም ሰዓት አይጠብቅም። ስልካቸውን ወደ ላይ ይዘው ሲዞሩ ማየት ያስቃል። ከደቂቃዎች በኋላ ግን ሳቁ ይቆማል። አንዷ መምህርት ቀይ ሆና የቀረችውን የማውረጃ መስመር እያየች «እኔ እኮ እዚሁ ከተማ መሃል ቆሜ ነው» አለች። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

ከጌሻ በኩል የመጣች አንዲት ተማሪ በአንድ ወቅት የነገረችኝን ነው የማስታውሰው። ለእረፍት አገሯ ስትገባ ሃንድአውት ለማውረድ ኔትወርክ ወዳለበት ከፍታ ትወጣለች፤ ጥቅል የምትገዛው ደግሞ የሌሊቱን ነው፣ ስለሚረክስ። አስቡት እንግዲህ፣ በሌሊት፣ ሴት ልጅ፣ ከቤት ወጥታ። ለሷ የፋይል መጠን የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም። ብርና ደህንነት ነው። እኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን በግዴለሽነት የምንጭነውን እያንዳንዱን ሜጋ የሚከፍለው ሰው አለ።

ሌላው ጣጣ የፊደል ነው። የአማርኛ መምህራን ይሄን በደንብ ያውቁታል። ለዓመታት የጻፉት ኖት በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው የተጻፈው። በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሲያዩት ያምራል። ገጹ ላይ ሲለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ፣ ማንም የማያነበው ነገር ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የድሮዎቹ ፎንቶች «ሀ»ን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር አማርኛ አድርጎ ያሳያል፣ ያልተጫነበት ግን ሚስጥሩን አያውቅም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ በዛሬዎቹ ስማርት ስልኮች ላይ ይነበባል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ከሰዓት የድሮ ኖት ወደ ዩኒኮድ በመቀየር ያልፋል። አሰልቺ ነው፤ ግን አንዴ ከተቀየረ ለዘላለም ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ማሽን ነው። ከባዱ ግን ሰው ጋ ነው ያለው።

ባዮሎጂ የሚያስተምሩ፣ ጡረታቸው የቀረበ አንድ መምህር ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ቢጠሩም አይወዱም። ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው አዳመጡ፣ አንድም ነገር አልጫኑም። ሻይ እረፍት ላይ አጠገባቸው ሄጄ «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ አስቸገረዎት?» አልኳቸው።

«ኮምፒውተሩስ አላስቸገረኝም ልጄ» አሉኝ። ከቦርሳቸው ጠርዙ የነተበ ትልቅ ደብተር አወጡ። ስለ ካፋ ጫካ ዕፅዋት ዕድሜ ልካቸውን የጻፉት ነው። «ይሄን አንዴ እዚያ ካስገባሁት፣ ነገ እኔን ማን ይፈልገኛል?»

ይሄን ጥያቄ በየስልጠናው እሰማዋለሁ፤ ብዙዎች ግን እንደሳቸው በግልጽ አይናገሩትም። «ኢንተርኔት የለም»፣ «ጊዜ የለኝም» ይባላል፣ ሥሩ ግን ይሄ ነው። አንዳንዱ ይሰረቅብኛል ብሎ ይፈራል። ሌላው ስህተቴን ባልደረቦቼ ያዩብኛል ይላል። እንዲህ የፈራ መምህር ታዲያ ምን ያደርጋል? ግዴታውን ለመወጣት ማንም የማይከፍተውን ፎቶ ይጭናል። ሪፖርቱ ይሞላል፣ ኖቱም እዚያው ደብተሩ ውስጥ ይቀራል።

እኔም ለጋሼ ስለ ሶፍትዌር ምንም አላልኳቸውም። ደብተሩን ገልጬ «ይሄ ጥምዝ የሚለው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ተነሱ። ስለ ጥምዝ፣ ስለ ኮረሪማ፣ ስለ ጫካ ቡና፣ የቱ ከየትኛው ዛፍ ጥላ ሥር እንደሚበቅል፣ ጫካው ሲሳሳ የትኛው ቀድሞ እንደሚጠፋ፣ ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ነገሩን። ሌሎቹ መምህራን ሁሉ ከበዋቸዋል። ስንጨርስ «ጋሼ፣ አሁን የነገሩን ሁሉ ደብተሩ ላይ አለ?» አልኳቸው።

ደብተሩን ትንሽ አዩት። «የለም። ይሄንንስ የምናገረው ነው።»

«እንግዲያው ደብተሩ ቢወጣም እርስዎን የሚተካ ነገር የለም ማለት ነው» አልኳቸው። ሳቁ።

የዚያን ቀን ከሰዓት ስለ ጥምዝ በስልካቸው ድምፃቸውን ቀዳን። የ5 ደቂቃ ንግግር፣ ለንግግር በሚበቃ ጥራት ሲቀመጥ 2 ሜጋ አይሞላም። ከሥሩ ሦስት አንቀጽ ጽሑፍ፣ አንድ ፎቶ (መጠኑን አሳንሰን)፣ ለተማሪዎች አንድ ጥያቄ፦ «በቤታችሁ አካባቢ ጥምዝ አለ? ሽማግሌዎች ስለሱ ምን ይላሉ?» ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ልጆቹ እኮ እኔ የማላውቀውን ጽፈውልኛል!» አሉ። የካፋ ጫካ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚያ ጫካ ጋሼ የሚያውቁት ግን የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ላይ የለም። አንድ ሰው ጡረታ ሲወጣ አብሮ ከግቢው የሚወጣው ምን ያህል እንደሆነ አስቡት።

አሁን ወደ አለቆች ልምጣ። ይሄን የምታነቡ ዲኖች፣ ዳይሬክተሮች፣ የክፍል ኃላፊዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከናንተም ውስጥ ያስተማርኳችሁ አላችሁ። እባካችሁ የተጫነ ፋይል አትቁጠሩ። «በዚህ ሩብ ዓመት ይህን ያህል ኮርስ ኦንላይን ወጥቷል» የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። ሙድል እያንዳንዱን ማቴሪያል ስንት ተማሪ እንደከፈተ ይመዘግባል። ሪፖርት የሚጠየቀው እሱ ይሁን። ደግሞም አንድን ኮርስ በደንብ ማዘጋጀት የሳምንታት ሥራ ነው። ሙሉ የማስተማር ጫና ተሸክሞ፣ ማታ ማታ፣ በራሱ ካርድ ሥራ ብላችሁ ከጠየቃችሁት መምህሩ ፎቶ ይጭንላችኋል። አልፈርድበትም።

በአገር ደረጃም ነገሩ እየተንቀሳቀሰ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር ሆኖ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራንን በኦንላይን ማስተማር ላይ ያሰለጥናል። ጥሩ ጅምር ነው። ሰርተፊኬቱን የወሰዳችሁ ወዳጆቼ፣ ቀጣዩ ሥራ የናንተ ነው።

በቅርቡ ኮርስ ልታወጡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከስልጠናው ያተረፍኩትን ላካፍላችሁ፦

1. በፊደል ጻፉት፣ በዩኒኮድ። ፎቶ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

2. ሙሉውን ሞጁል አንድ ላይ አትጫኑ። በሳምንት በሳምንት ከፋፍሉት። ተማሪው የሚያስፈልገውን ብቻ ያውርድ።

3. የፋይሉን መጠን ከርዕሱ አጠገብ ጻፉ፤ «ምዕራፍ 2፣ 1 ሜጋ» ብላችሁ። ተማሪው ገንዘቡን አስቦ ይወስን።

4. ሙድል ውስጥ ገጹን በተማሪ ዓይን የሚያሳይ ምርጫ አለ። «ጨረስኩ» ከማለታችሁ በፊት ተማሪ ሆናችሁ እዩት። ከዚያ በስልክ፣ በዳታ፣ ከግቢ ውጭ።

5. የሙድል የስልክ መተግበሪያ ኮርስ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ለተማሪዎቻችሁ አሳዩአቸው፣ በተለይ ለእረፍት ከመሄዳቸው በፊት፣ የግቢው ዋይፋይ እያለ።

6. ከሳምንት በኋላ ማን እንዳልከፈተ እዩና ጠይቁት። «ለምን አላነበብክም?» ብላችሁ አይደለም፤ «ምን አስቸገረህ?» በሉት።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከናንተ ደግሞ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ መምህራን ናችሁ፤ ጨና ያላችሁ፣ ጊምቦ ያላችሁ፣ አዲስ አበባም የገባችሁ አላችሁ። አንድ ሃንድአውታችሁን ብቻ ምረጡና እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩት። ከዚያ ኔትወርክ ደካማ ከሆነበት ቦታ ለመጣ አንድ ተማሪ ላኩለትና ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ጠይቁት። የነገራችሁን ጻፉልኝ። የሚቀጥለውን ስልጠና የምጀምረው በሱ ነው።

ሰላም ሁኑልኝ።