ስንተኛ ፎቅ ላይ ነህ?

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ተጉዛችሁ ታውቃላችሁ? ተራራው ወደ ኋላ ይቀርና የራያ ሜዳ ይዘረጋል። ግራና ቀኙ የማሽላ ማሳ ነው፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ቆሟል። ጎብዬ ሮቢት ከመድረሳችሁ በፊት መንገዱ ላይ የምታገኟት ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ቀና ብላችሁ የምታዩት የመስጊድ ሚናራ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላትና የስልክ ማማ ነው። የቀረው ሁሉ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው።

ከባለቤቴ ጋር በዚያ ስናልፍ ቡና ያፈላችልን አንዲት እናት ከአዲስ አበባ መምጣታችንን ስትሰማ፣ “እህቴ፣ ፎቁን ሁሉ ታውቂዋለሽ?” አለችኝ። ባሏ ፌራዮ ነው፤ ለኮለንና ለሶሌታ የሚሆነውን ብረት እየቆረጠ ያስራል። ለእርሻ ይመጣል፣ ለአጨዳ ይመጣል፣ የቀረውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው። “ስንተኛ ፎቅ ላይ ነህ ስለው ሁልጊዜ ‘ምድር ቤት ነኝ’ ይለኛል። የላከልኝን ፎቶ ሳይ ግን ከኋላው ሰማይ ብቻ ነው” አለች። በረካው እስኪወርድ ድረስ ስለ ሌላ ነገር አላወራንም።

የዚያች እናት ስጋት በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደ ተንጠለጠለ እንመልከት። የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በጥር 2004 ዓ.ም. ሲመረቅ 99.9 ሜትር ነበር። ቁጥሩ ኅብረቱ እንዲመሠረት የተወሰነበትን በፈረንጆች 9/9/1999 እንዲያስታውስ ታስቦ ነው። ቦታው ቀድሞ ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት የነበረበት ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ 209.15 ሜትር ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ቁመቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ሰንጋ ተራ ብትሄዱ ሰንጋ አታዩም፤ ባንክና ኢንሹራንስ ጎን ለጎን ተሰልፎ ነው የምታገኙት።

ንግድ ባንክን የገነባው የቻይና ተቋራጭ ነው፤ ትልልቁ ፎቅ በክሬን ይሠራል። መካከለኛውን ፎቅ ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ዙሪያው ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ታስሮ ነው የሚወጣው። በዚያ እንጨት ላይ አርማታ ተሸክመው የሚወጡ ሴቶችም አሉ። ሄልሜት ያደረገም ያላደረገም ታያላችሁ። ከፎቅ ወድቆ ስለ ሞተ የቀን ሠራተኛ መስማት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ወሬ አይደለም። ማታ ደግሞ ብዙዎቹ በር ባልተገጠመለት በዚያው ሕንፃ ውስጥ ካርቶን አንጥፈው ያድራሉ።

ዘፍጥረት 11ን እስቲ እንደ ገና አንብቡት። ሰዎቹ ግንቡን የጀመሩት በሰናዖር ሜዳ ነው፤ ድንጋይ ስላልነበራቸው ጡብ ተኩሰው። ስለ ትዕቢታቸው ብዙ ተሰብኮልናል። ያን ጡብ ይሸከም የነበረው ሰው ሚስት የት እንደ ነበረች የጠየቀ ሰባኪ ግን እስካሁን አልገጠመኝም፤ የእኔንም ቤት ሰባኪ ጨምሮ!

ፎቅ አይሠራ ማለቴ አይደለም። ሕዝብ የሚበዛበት ከተማ ወደ ላይ ማደጉ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ እድሩም፣ ቡና የሚጠራራው ጎረቤትም አብሮ ተበተነ። ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እንደ ጎብዬዎቹ ባልና ሚስት ያሉ፣ ማጨድና መዝራት ሲሆን ብቻ የሚገናኙ ትዳሮች ናቸው። እርሱ እንዳትፈራ ብሎ ይደብቃታል፤ እርሷም ማወቋን ትደብቀዋለች።

እናንተ ባሎች፣ ሥራችሁ የሚያስፈራ ከሆነ ለሚስቶቻችሁ ንገሯቸው፤ በምናባቸው ከሚፈሩት እውነቱን አውቀው ቢጸልዩ ይሻላል። እናንተ የአዲስ አበባ ምእመናን ደግሞ፣ በጸሎት ቤታችሁ አጠገብ ፎቅ የሚሠራ ከሆነ ከእሑድ አምልኮ በኋላ ውኃና ሻይ ይዛችሁ ጎራ በሉ። የሃይማኖቱን ነገር ለጊዜው ተዉትና ስሙን፣ አገሩን፣ የልጆቹን ቁጥር ጠይቁት። ሐይቅ፣ መርሳ፣ ጎብዬ ይላችኋል። ማሽላው ለአጨዳ ስንት ሳምንት እንደ ቀረውም ጣቱን ሳያጥፍ ይነግራችኋል።